ተከላካዩን ያስታረቅን ዕለት

ሽምግልና ገብቼ ነገር የሠመረልኝ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግን እንዴት ያለ እርቅ መሰላችሁ! ባላንጣዎቹ በሕዝብ ፊት ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሽማግሌዎቹ በደስታ አለቀሱ። በማግስቱ ደግሞ ተከራዬ ከእንጀራው ተፈናቀለ። ከዚህ የበለጠ የተዋጣለት ሽምግልና ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ያን ጊዜ፣ ሞባይል ስልክ ገና የሚታጠፍ በነበረበት ዘመን፣ ሴንት ፖል አቅራቢያ ባለችው በሮቢንስዴል ከተማ ቤት ገዝቼ ነበር። ገዛሁ ስል ቤቱ የባንኩ ነው፤ የኔ ደጁ ላይ ያለው በረዶ ብቻ ነው። እሱን ማንም አልተሻማኝም። ወርኃዊው የሞርጌጅ ክፍያ ሲከብደኝ ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ላከራይ ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የመጣው ሰውዬ በሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ባለቤቴ ሶስና ከኋላዬ ሆና፣ "ይኼ ተከራይ ነው ወይስ ያዘዝከው ፍሪጅ?" አለችኝ።

ስሙ ኮዲ ነው። አፍንጫው አንዴ ወደ ግራ ሄዶ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ ይመስላል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም። ሲስቅ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ሕፃን ልጅ ነው የሚመስለው።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አልኩት፤ ኪራይ የሚከፍል ዓይነት መሆኑን ለማወቅ።

"የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነኝ። ተከላካይ።"

በዚህ አገር ስፖርተኛ ሲባል እኔ የማውቀው የዋና ገንዳ ያለው ቤት ነው። የኔ ቤዝመንት ገንዳ የሚኖረው ቧንቧ ሲፈነዳ ብቻ ነው። ሰውየው ወይ ዋሽቶኛል ወይ ሚስቱ አባርራዋለች ብዬ ደመደምኩ። ኋላ ሲያስረዳኝ ነገሩ ሌላ ሆነ። ለካ ዕድሜውን ሙሉ በታችኛው ሊግ፣ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተት ነው የኖረው። የሴንት ፖሉ ትልቁ ቡድን ተከላካዮቹ ሲጎዱበት ለጊዜው ጠራው። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ሲናገር እንዴት እንደሚያመው ያስታውቃል። ነገ ተመለስ ሊባል ስለሚችል አፓርታማ ሊዝ አይፈርምም፤ ሻንጣውን እንኳ ፈትቶ አያውቅም። እንደኔው ነገውን የማያውቅ ሠራተኛ መሆኑን ስሰማ ወደድኩት።

ልዩነታችን በረዶ ላይ ነው። እኔ ከቤቴ በር እስከ መኪናዬ ያለችውን መንገድ በክረምት የምሻገራት በዳዴ ነው። አንድም ክረምት ሳልወድቅ አልፎ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ጠዋት መጋረጃቸውን የሚከፍቱት ፀሐይ ለማየት አይደለም። በረዶ የሚያቀልጥ ጨው በከረጢት እየገዛሁ ጋራዥ ውስጥ እከምራለሁ፤ መበተኑን ግን ሁልጊዜ የማስታውሰው ከወደቅሁ በኋላ ነው። ኮዲ በነጠላ ጫማ ወጥቶ፣ ያንኑ በረዶ እንደ ሳሎን ወለል እየተራመደ፣ በብብቴ ይዞ ያነሳኛል። "ጉልበትህን እጠፍ እንጂ" ይለኛል። እኔ ደግሞ የሚታጠፍ ጉልበት ካገኘሁ ቆየሁ።

አንድ ቀን ቲኬት ሰጠንና ከሶስናና ከልጃችን ከቤቲ ጋር ጨዋታውን ልናይ ሄድን። ከውጪ ብርድ ሸሽተን ገባን፤ ውስጡም ብርድ ነው። ሰው አገሩ ሙሉ በረዶ ሆኖበት እንደገና በረዶ ለማየት ከፍሎ ይገባል! ከጫማቸው ሥር ስለት ያሰሩ፣ በእጃቸው ዱላ የያዙ ሰዎች አንዲት ክብ ጥቁር ጎማ ያሳድዳሉ። ጎማዋን ግን እኔ እስከ መጨረሻው አላየኋትም። መኖሯን የተቀበልኩት በእምነት ነው።

ድንገት ኮዲና ከእንግዳው ቡድን አንድ ትሮይ የሚባል ግዙፍ ሰው ፊት ለፊት ቆሙ። ዱላቸውን ጣሉ፤ ጓንታቸውን አወለቁ። እንደ ጨዋ ሰው ሊጨባበጡ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምን መጨባበጥ! ኮዲ በቡጢ አገጩን አለው፤ ያም አልሰነፈም፣ ዓይኑ ላይ ደገመው። ዳኞቹ? ዳኞቹ ዙሪያቸውን ቆመው፣ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ ያጨበጭባል።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰው ሲደባደብ ቆሞ ማየት ነውር ነው። የሚወቀሰው የተማታው ሳይሆን ያልገላገለው ነው። ደሜ ፈላ። "ኧረ በሕግ አምላክ! ኧረ ገላግሉ! ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?" እያልኩ ደረጃውን ወደ ታች ሮጥኩ። ደረጃው በረዶ ስላልነበረበት አልወደቅሁም። ሜዳውን የከበበው መስታወት ጋ ደርሼ በመዳፌ እየደበደብኩ "በሕግ አምላክ!" ስል፣ አጠገቤ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቀናተኛ ደጋፊ አይቶ አያውቅም መሰለኝ አቀፈኝና ቢራውን ጋበዘኝ። ካሜራው ደግሞ እኔን በትልቁ ስክሪን ላይ ለቀቀኝ። ከላይ የቤቲ ድምፅ ተሰማኝ፦ "ዳዲ፣ ፕሊዝ ሲት ዳውን! ኤቭሪባዲ ካን ሲ ዩ!"

በማግስቱ ጠዋት ኮዲ አንድ ዓይኑ ተዘግቶ ቤዝመንት ተቀምጧል። ሶስና እያለቀሰች አጥሚት ሠርታ ወረደች። አጥሚት ለአራስ መሆኑን ብነግራት "ከአራስ በምን ይሻላል? ፊቱን እየው!" ብላ አፌን አስያዘችኝ። ኮዲ ጨርሶ ጠጥቶ ድገሙኝ አለ።

"ይኼ ሰውዬ ምን አድርገኸው ነው?" አልኩት።

"ትሮይ? ምንም። ትሮይ ጥሩ ሰው ነው። ሥራችን ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አጫወተኝ። አሰልጣኙ እስከ ፊታችን እሁድ ጨዋታ ድረስ ያየዋል። ካስደሰተው ለክረምቱ ያስቀረዋል፤ ካላስደሰተው ወደ ታች ይመልሰዋል። "በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ጉልበቴ ከተመለስኩ ሁለተኛ ማንም አይጠራኝም። አለቀልኝ ማለት ነው።"

"እሁድ የምትጫወቱት ከማን ጋር ነው?"

"ከትሮይ ቡድን ጋር። ተመልሰው ይመጣሉ።"

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ምን ይላል? "መልካም ዕድል" ይልና ወደ ሺፍቱ ይሄዳል። እኔ ግን አስተዋይ ብቻ ሳልሆን ተቆርቋሪም ነኝ። ልጁ ሥራውን ሊያጣ ነው፤ ለምን? ጠበኛ ስላለበት። ጠበኛውን ደግሞ "ጥሩ ሰው ነው" ይላል። ልቡ ለእርቅ እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ከየት ይገኛል!

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ቤቴ ጠራሁ። ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ሳሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እዚህ ፕሊማውዝ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያሽጋሉ፤ ነጭ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ካደረጉ ግን ዳኛ ናቸው። ኦቦ ገመቹ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ ይኖራሉ። በዙሪያችን ባሉት ከተሞች ሁሉ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። የታረቁት ሁሉ ኋላ ተፋትተዋል፤ ቢሆንም በሰላም ነው።

"የጠቡ መነሻ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ድንበር ነው?"

"አይ፣ መሬት የላቸውም። በረዶ ላይ ነው።"

"ሴት ናት?"

"ኧረ አይደለም፤ አንዲት ጎማ ናት።"

"የመኪና?"

"ትንሽዬ፣ ክብ፣ ጥቁር።"

"ንብረትነቷ የማን ነው?"

"የማንም። ወደ ተመልካች ከወጣች ያገኛት ይወስዳታል።"

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። "ባለቤት በሌላት ጎማ ሰው ጥርሱን ያጣል?"

"እኔ በበሬ፣ በውኃና በሚስት አስታርቄያለሁ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "በጎማ ተቀምጬ አላውቅም። ይሁን፤ ሰው ከሆኑ ይታረቃሉ።"

ሽምግልና ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ የሚኬደው በዳይ ዘንድ ነው። በዳዩ ማን እንደሆነ ትንሽ ካከራከረን በኋላ፣ ኮዲ የኔ ተከራይ ስለሆነ በዳዩ ትሮይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ አለፈ። ለተበዳዩ የሚነገረው ደግሞ ነገሩ ከበሰለ በኋላ ነው። ሶስና ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "ግን ልጁን ራሱን ጠይቃችሁታል?" አለች። በዚያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የተነገረ ብቸኛው ቁም ነገር እሱ ስለነበረ ማናችንም አልሰማናትም።

እኔ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሻትል ነው ድራይቭ የማደርገው፤ እንግዳ ቡድን ሴንት ፖል ሲመጣ የት ሆቴል እንደሚያርፍ አላጣውም። እሁድ ጠዋት ሦስታችን በሙሉ ልብስ ሎቢው ላይ ተሰየምን። ትሮይ በነጠላ ጫማ ከሊፍት ሲወጣ ሦስታችንም ብድግ አልን። ሰውየው ደጋፊዎች መሰልነው። ሳንናገር እስክሪብቶ ከጋሽ ታደሰ ደረት ኪስ መዘዘና ፎጣቸው ላይ ስሙን ጻፈ።

"ፈረመ!" አሉ ጋሽ ታደሰ በአማርኛ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ነገሩን ሳይሰማ ፈረመ! እንዲህ ያለ ቅን ሰው ነው ክፉ የተባለው?"

አስቀመጥነው። እኔ እየተረጎምኩ፣ ከኮዲ ቤት እንደመጣን ነገርነው።

"ኮዲ ነው የላካችሁ?" አለ ገርሞት።

ሽማግሌ አይዋሽም። "ልቡ ልኮናል" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ እኔም እንዳለ ተረጎምኩት።

ትሮይ ሳቀ። "እኔና ኮዲ እኮ ታችኛው ሊግ ሳለን አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። ሰርጌ ላይ ሚዜዬ እሱ ነው።"

ይህን ስተረጉምላቸው ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ያዙ። "ሚዜውን? ሰው ሚዜውን በቡጢ ይመታል? ይኼማ እኛ ካሰብነው የባሰ ነው!" ብለው የትሮይን ቀኝ እጅ ሳብ አድርገው ያዙ። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። የእጁ አንጓዎች እንደ ድንች አብጠዋል። "ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ እጅ ነው የምትማታው?"

ትሮይ ሳቁን አቆመ። እጁን እያየ፣ "ጠዋት ጠዋት አይታጠፍልኝም" አለ። "የልጄን የጫማ ክር ማሰር አቅቶኛል። እናቷ ናት የምታስርላት።"

"ታዲያ ተው የሚልህ ሰው የለም?"

ትሮይ ትንሽ አሰበ። "የለም" አለ። "እስከ ዛሬ ማንም ብሎኝ አያውቅም።"

ከዚያ በኋላ ሥራችን ቀላል ነበር። ዛሬ ኮዲ ላይ እጁን እንደማያነሳ ቃል ገባ። ጋሽ ታደሰ እርቁ በአደባባይ እንዲሆን፣ ለኮዲም አስቀድሞ እንዳይነገረው አዘዙ፤ ጉንጭ እንዴት እንደሚሳም፣ ትከሻ ላይ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል ሎቢው መሀል በእኔ ላይ አሳዩት። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ መረቁት። ምርቃቱ ረጅም ስለነበር የሆቴሉ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ደህና መሆናችንን ጠየቁ። ትሮይ ግን አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ "ኤሜን" አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ስታዲየሙ የላይኛው ወንበሮች ላይ ነበርን። ጨዋታው ሞቅ ሲል አሰልጣኙ የኮዲን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ኮዲ እንደ ቀስት ተወርውሮ ትሮይ ፊት ቆመ። ጓንቱን ጣለ። ሕዝቡ ተነሳ። ትሮይ ግን ጓንቱን አልጣለም። እጆቹን ዘርግቶ ኮዲን እቅፍ አደረገና ቀኝ ጉንጩን ሳመው፤ ግራውን ሳመው፤ ቀኙን ደገመው። ሄልሜታቸው ቋ ቋ ሲል እላይ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመ። ያስተማርነው አንዲት አልቀረችበትም።

ስታዲየሙ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል ሶስና፣ "ጠይቃችሁታል?" ያለችው ሶስና፣ አላስቻላትም፤ እልልልል! አለች። ጋሽ ታደሰ እያለቀሱ ፎጣቸውን አውለበለቡ። ቤቲ ኮፍያዋን እስከ አገጯ ድረስ ስባ "አይ ዶንት ኖው ዚዝ ፒፕል" አለች አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው። ከዚያ ሕዝቡ ጩኸቱን ለቀቀው፤ የደስታ ግን አልነበረም። ዳኞቹ ተሰብስበው ተመካከሩ። በሕጋቸው ቡጢ አለ፤ መሳም የለም። በመጨረሻ ሁለቱንም ጨዋታ አዘገያችሁ ብለው ወደ ቅጣት ሣጥን፣ በመስታወት ወደ ተከለለችው መቀመጫ፣ ላኳቸው። አሰልጣኙ ወደ ኮዲ አላየም። ኮዲ መስታወቱ ውስጥ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

"ልጁ በደስታ አለቀሰ" አሉ ኦቦ ገመቹ የራሳቸውን እንባ እየጠረጉ።

ሰኞ ዕለት ኮዲን ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት። ሻንጣውን ፈትቶ ስለማያውቅ ለመሄድ ብዙ አልተቸገረም። ነገሩን ስነግራቸው ሽማግሌዎቹ ክው ብለው መጡ። በባህላችን የበደለ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተበዳዩም ወዲያው "አውርድ" ይለዋል። ድንጋዩ ለወግ ነው እንጂ ለሸክም አይደለም። የሮቢንስዴል ድንጋይ ግን በጥር ወር ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ አካፋዬን ሰበርኩበት። እንግዲህ ምን ይደረግ? ጋራዥ ገብተን አንዳንድ ከረጢት ጨው ተሸከምንና በተርታ ወደ ቤዝመንት ወረድን። አንገታችንን ደፍተን ፊቱ ቆምን።

ኮዲ ቀና ብሎ አየን። "ጨው አልፈልግም። ነገ እኮ እሄዳለሁ" አለ።

ባህሉን የት ያውቀዋል! አውርዱ አይለንም፤ እኛም ሳንባል አናወርድም። ይቅርታ ልንጠይቅ መምጣታችንንና የሆቴሉን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩለት። እስክጨርስ ድረስ ፊቱ ቀላ። ብድግ ሲል ጣሪያው ዝቅ ያለ መሰለኝ።

"ምን እንዳደረጋችሁ ታውቃላችሁ?" አለ። "እኔ ጎል አላገባም። ፈጣን አይደለሁም። በዓለም ላይ የምችለው አንድ ነገር ቡጢ ነው፤ እሱን ወሰዳችሁብኝ። አባቴ ሰሜን፣ ማዕድን በሚቆፈርባት ከተማችን፣ የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ሰብስቦ እየጠበቀ ነበር። ልጁ ሲሳም አየ!"

የምላችሁ እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ለቀልድ የሚሆን ቦታ ሆዴ ውስጥ አልነበረም። ጨዉ ትከሻዬን ይቆርጠኛል፤ እሱን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ጋሽ ታደሰ ከረጢቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውራሉ። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

የኮዲ ስልክ ጮኸ። ከፈተና ድምጹን ለሁላችን ለቀቀው። "ትሮይ ነው" አለ፤ "የናንተው ሰው።"

"እኔንም ላኩኝ" አለ ትሮይ በስልኩ ውስጥ። "ወደ ታች።"

ኮዲ ተሳደበ። ከዚያ ቁጭ አለ። "እጅህ እንዴት ነው?" አለው ቆይቶ።

"እሁድ አልተማታሁበትም። በረዶ አሰርኩበት፣ አሳረፍኩት።" ትሮይ ቀጠለ። "ዛሬ ጠዋት የልጄን የጫማ ክር አሰርኩላት። ሁለቱንም እግሯን። እናቷን አልጠራችም።"

ኮዲ የራሱን ጣቶች እያጠፈ፣ እየዘረጋ ያያል። ሁለቱ አይታጠፉም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ያያቸው ነበር። ከዚያ ያቺ የጎደለች ጥርሱ ብቅ አለች።

"ምን እስክላችሁ ነው እንዲህ የምትቆሙት?" አለ።

"አውርዱ እስክትለን" አልኩ፤ እንዴት እንደተነፈስኩ አላውቅም።

"እና ለምን አልነገራችሁኝም? አውርዱ እንጂ!"

ሦስቱ ከረጢቶች አንድ ላይ ወለሉን ሲመቱት ሶስና ከላይ ጮኸች። ጋሽ ታደሰ ወንበር ላይ ወድቀው ትንሽ ካለከለኩ በኋላ ፎጣቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው እንደገና የዳኛ ፊት ሆነ።

"መልካም" አሉ። "እኛና እሱ ጨረስን። አሁን የቀረው በእሱና በአሰልጣኙ መካከል ያለው ቅያሜ ነው። የአሰልጣኙ ቤት የት ነው በለው።"

ኦቦ ገመቹ ተነስተው ኮታቸውን ቆለፉ። እኔም የመኪናዬን ቁልፍ ፈለግሁ። ተረጎምኩለት።

ያን ሁሉ ዘመን ከግዙፎች ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም የኖረው ኮዲ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከአንዳችን ወደ ሌላችን አየ፤ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን የጨው ከረጢት ብድግ አደረገና ትከሻው ላይ ጫነው። ፊታችን ቆሞ፣ እንዳየው አድርጎ አንገቱን ደፋ።

"እባካችሁ" አለ። "ስለ እግዚአብሔር፣ አትሂዱ።"

"አውርድ ልጄ፣ አውርድ" አሉ ኦቦ ገመቹ ወዲያው። እኛ ባህሉን እናውቃለን፤ ሰው አናስቆምም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የኮዲ መኪና የለም። ከቤቴ በር እስከ መኪናዬ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ጨው ተበትኖበታል። ኮቴን ደርቤ፣ ጎረቤቶቼ መጋረጃቸውን ገልጠው እያዩኝ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩበት።